ለሁለት የሚነሳ መዝጊያ

ሂጃብ ያደረገች ሴት የለቅሶው ድንኳን አፍ ላይ ስትቆም አገኘሁ ከፍራሹ ሊነሳ ቃጣው። ሴትዮዋ ቀና ስትል ግን ዳቦ ቤት ያለችው ጎረቤት ሆና ተገኘች። አይደለችም። እሱ የሚፈራት ቀጭን፣ ረዘም ያለች፣ ቡናማ ሂጃብ የምታደርግ ሴት ናት። ስሟን አያውቀውም። ሐሙስ ዕለት እሳቱ ሲነሳ እህቱ ሱቅ ውስጥ ገበያተኛ ሆና ቆማ ነበር፤ እሱ ያደረገውንም ከሟች እህቱ ሌላ ያየ ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት።

«ጋሼ፣ ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመስክም» አለችው ሩሀማ። የሟች አንድ ልጅ ናት፤ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ። ቀኝ እጁ በፋሻ ስለተጠቀለለ ፍራሹ ላይ ከጎኑ ተቀምጣ ንፍሮውን በመዳፏ ይዛለታለች። «ውሃ እንኳ ጠጣ።»

«እሺ።»

«እሺ ትላለህ እንጂ መቼ ጠጣህ?»

ጠጣ። ዓይኑ ግን ከበሩ አልተነሳም። ድንኳኑ አማኑኤል ሰፈር መንገዱን ዘግቶ የተተከለ ነው፤ መግቢያውም መውጫውም አንድ። ማንም ቢመጣ ፊት ለፊት ነው የሚገጥመው።

ከዳር ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች መሀል ጃፋር ተቀምጧል፤ ሸማ ተራ ከእህቱ ሱቅ ጎን የሚነግደው። ድምፁን ዝቅ ያደረገ ይመስለዋል እንጂ ድንኳኑ ሁሉ ይሰማዋል።

«እናንተ አላያችሁትም! ብረቱ ፍም ሆኗል። ይሄ ሰው እጀታውን ጨብጦ አልለቅም አለ። አራት ሆነን ነው የጎተትነው። እኔማ ሚስቴ ብትሆን እንኳ መጀመሪያ ሁለቴ አስብ ነበር።»

ሳቅ ያመለጣቸው ወዲያው ሳል አስመሰሉት።

«ተመልካቹ እያልን ቀለድንብህ» አለ ጃፋር ወደ አገኘሁ ዞሮ። «አፉ በለኝ ወንድሜ።»

«ተወው ጃፋር።»

«አልተውም! ደግሞ ሱቁ ውስጥ የነበረችው ልጅ መትረፏን ሰምተሃል? ሐጀራ ትባላለች። ጭሱ ደረቷ ገብቶ ሆስፒታል ናት። ትናንት ሄጄ ጠየቅኳት። ለቅሶ ልድረስ ብላ ቤታችሁን አሳየኝ አለችኝ። ነገ ሳትመጣ አትቀርም።»

አገኘሁ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ብርጭቆው ተገልብጦ ውሃው ፈሰሰ። ሩሀማ ቁስሉ ያመመው መስሏት ክንዱን ደገፈችው።

እህቱን ሸዋርካብሽን ሰው ሁሉ ደግ ይላታል። ደግ ነበረች፤ ለሰው። ሰባተኛ ክፍል ላይ ደብተሩን አስቀምጦ ሱቅ እንዲቆም ያደረገችው እሷ ናት። «ለሁላችንም እንጀራ ነው» አለችው። የራሷን ልጅ ግን ዩኒቨርሲቲ አስገባች። አስራ ስምንት ዓመት ጋቢና ነጠላ ሲያጣጥፍ፣ ኩንታል ጥጥ ሲሸከም ኖሮ አንድ ቀን የሱቁን ቁልፍ ይዞ አያውቅም። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው፤ ከማተቧ ጋር። ታሞ ሲተኛ ራስጌው ቁጭ ብላ ታነጋለች፤ ሲነሳ ደግሞ ስንት ቀን እንደተኛ ለደንበኛ ትናገራለች።

የሱቁ መዝጊያ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ብረት ነው። አንድ አይሱዙ ወደ ኋላ ሲመለስ የግራ ጎኑን ገጭቶ አጣሞታል። ለማውረድ አንድ ሰው ይበቃል፤ ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ያውም ከውጭ፣ ምክንያቱም እጀታው በውጭ ነው። ደግሞ የግራውን ጥግ መጀመሪያ በእግር መምታት አለ፤ ያንን የሚችልበት አገኘሁ ነው። «እናሠራው እትዬ» ሲላት «የአንተ ጉልበት ለምን ቀን ነው?» ትለዋለች።

ባለፈው ጥቅምት ገበያው ውስጥ ረብሻ ሲነሳ አገኘሁ ሱቁን ክፍት ትቶ ጩኸቱን ሊያይ መንገድ ወጣ። ሰው መሮጥ ሲጀምር እሷ ከውስጥ ብትጠራው አልሰማም፤ ተኩሱን ሲሰማ ነው የተመለሰው። እስኪመለስ አንድ እስር ጋቢ ተወስዷል። ጥይቱ ዝም ባለ ማግስት ለተራው ሁሉ ተናገረች። «የኔ ወንድም እኮ ሲኒማ የገባ መስሎት ነው» አለች። ተመልካቹ የሚለው ስም ከዚያ ወዲህ ተለጠፈበት።

ከዚያ ጥቅምት በኋላ ሸማ ተራ የሚሮጥ እግር ድምፅ አይችልም። አንዱ ሲሮጥ አንዱ መዝጊያውን ያወርዳል፣ ቀጥሎ ያለው ያወርዳል፣ ተራው በሙሉ ብረት በብረት ይሆናል። ውስጥ ያለ ሰው ሲሚንቶው ላይ ይተኛል። ትንፋሹን ይይዛል። ለማንም አይከፍትም። ይሄን ማንም አላስተማራቸውም፤ አስከሬን ያየ ሰው ራሱ ይማራል።

ሐሙስ ዕለትም የሰሙት እግር ነው። ከላይኛው ጫፍ የጮኸው ሰው ምን እንዳለ ማንም አልሰማም። መዝጊያዎቹ መውረድ ጀመሩ። ጃፋር እንኳ ዘግቶ ተኝቶ ነበር፤ ጭሱ ሲሸተው ከሠራተኞቹ ጋር አንስቶ ወጣ። አገኘሁ ግን ደጃፍ ላይ ስለነበር ከጣሪያዎቹ በላይ ጥቁሩን ነገር አየው።

«እትዬ፣ ጭስ ነው፤ ተኩስ አይደለም» አላት።

«ዝጋው!» አለች ሸዋርካብሽ። ፊቷ አመድ መስሏል። «ዛሬም ቆመህ ልታይ ነው? ዕድሜህ ሠላሳ አልፎ ሰው ሲሮጥ ምን እንደሚደረግ አታውቅም? ዝጋው አልኩህ!»

ይሄ ሁሉ ባለ ቡናማ ሂጃቧ ሴት ፊት ነው።

«እሺ፣ እንዳልሽ» አለ አገኘሁ። ብረቱን ከውጭ አወረደው። ሄደ። ወደ ሲኒማ ራስ የሚያወጣው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጭሱ ሲሸታት ስሜን ጠርታ ትለምነኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ትለምነኝ፤ ያኔ ተመልሼ አነሳዋለሁ ብሎ አሰበ። ጥጥ እንዴት እንደሚነድ ግን አላሰበም። ሲመለስ ብረቱ ግሎ አብጦ ነበር።

በሠልስቱ ቀን ከቀትር በፊት ሐጀራ መጣች። ሂጃቧ ዛሬ ጥቁር ነው፤ አገኘሁ ግን ከቁመቷ ለያት። ተነስቶ መውጣት ፈለገ፤ መውጫው ግን እሷ የቆመችበት ነው።

ሴትዮዋ ሩሀማ ፊት ተንበረከከች።

«አላህ ያጽናሽ እህቴ። እኔ ነኝ አብሬያት የነበርኩት።» ድምጿ ከጭሱ የተነሳ ሻካራ ነው። «ለአባቴ ጋቢ ልገዛ ነበር የገባሁት። ተኩስ መስሎን ወለሉ ላይ ተኛን። ድምፅ እንዳላሰማ አፌን በእጇ ያዘችኝ። በኋላ ጭሱ በጣሪያ ሲገባ ብድግ አለች። ‘ወንድሜ ነግሮኝ ነበር’ አለች። ‘እሱ አይቷል፤ የኔ ወንድም አይዋሽም’ አለች።»

አገኘሁ አንገቱን ደፋ። እንዲህ ያለ ቃል በአስራ ስምንት ዓመት ውስጥ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

«ከዚያስ?» አለች ሩሀማ።

«መዝጊያው እምቢ አለን። ቁጢጥ ብላ ከስሩ በትከሻዋ ገፋችው፤ ትንሽ ከፍ አለ። ‘አንቺ ቀጭን ነሽ፣ ሹለኪ። አገኘሁ ውጭ ቆሟል፤ አንሳው በይው’ አለችኝ። ልብሴ እየተቀደደ ወጣሁ። ማንም የለም። አገኘሁ! አገኘሁ! እያልኩ የሚሮጠውን ሰው ሁሉ ልብስ ጎተትኩ። ማን ይቆማል? ሁሉም እቃውን ተሸክሞ ነው የሚሮጠው። እጀታውን ብቻዬን ሞከርኩ። ከውስጥ ትገፋለች፣ ከውጭ እጎትታለሁ፣ አይሄድም። ከዚያ ትከሻዋ ደከመና ብረቱ ወረደ።» ሳል ያዛት። «ሮጥኩ። ጥያት ሮጥኩ። ይቅር በይኝ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

ሩሀማ እያለቀሰች የሴትዮዋን ጭንቅላት ወደ ደረቷ ሳበችው።

«ምን ታደርጊ? ጋሼ እንኳ እጁ እስኪነድ ታግሎ አልቻለውም። አንቺ ምን ታደርጊ?»

ሐጀራ ቀና ብላ አገኘሁን አየችው። ዓይኗ ውስጥ ክስ የለም፤ እሱ የፈራው ክስ ነበር።

«እርስዎ ነዎት? ያን ዕለት ፊትዎን ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር። የሚሮጠው ሰው ገፍቶ ወሰደዎት አይደል?»

«ግርግሩ ነው እንጂ!» አለ ጃፋር ከዳር። «ሰው መሀል ከገባህ እግርህ መሬት አይነካም።»

ሁሉም አገኘሁን አየው። ራሱን መነቅነቅ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ከነቀነቀ ሐጀራ ‘ጥያት የሮጥኩት እኔ ነኝ’ እያለች ዕድሜዋን ሙሉ ታለቅሳለች፤ ሩሀማ ታጎርሰዋለች፤ ተራው ጀግና ይለዋል። ራሱን ሊነቀንቅ አገጩን ዝቅ አደረገ። መልሶ ቀና ማድረግ አቃተው።

«ማንም አልገፋኝም» አለ።

«ምን አልክ ጋሼ?»

«ማንም አልገፋኝም ሩሁ። ጭስ መሆኑን አይቻለሁ። ነገርኳት፤ ሰደበችኝ። አወረድኩትና ሄድኩ። ትጥራኝ ብዬ መታጠፊያው ላይ ቆምኩ። ይቺ ልጅ አታልቅስ። የሮጠችው የሚያነሳ ሰው አጥታ ነው።»

አንዱ ካርታ ተጫዋች ሊጥል ያነሳውን ካርታ እንደያዘ ቀረ።

«ስንት ደቂቃ?» አለች ሩሀማ።

«አላውቅም።»

«ስንት ደቂቃ ቆምክ?»

«አንድ ሲጋራ አጨስኩ።»

ሩሀማ አልጮኸችም። አልሰደበችውም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር፤ ስድብ ያውቃል። ጫፉን ይዛ የነበረችውን ነጠላ አፏ ላይ አደረገችና አየችው፤ ገና ዛሬ እንዳወቀችው ሰው።

ያኔ ከመንዝ የመጡ ዘመዶች ውጭ ሆነው ሲያለቅሱ ተሰሙ። ከመሀላቸው አንድ ሽማግሌ በሁለት ሰው ተደግፈው ገቡ። በወጉ መሠረት ከፍራሹ ራስ ወደተቀመጠው ወንድ ቀርበው ጎንበስ አሉ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ። እንዲህ ያለች እህት...»

አገኘሁ ከፍራሹ ወረደ። ባዶው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ሽማግሌውን ሳያይ፣ በአገጩ ሩሀማን አመለከታቸው።