ውርጭ የፈለጠው አለት

አያ ሙላቴን ከቤታቸው ከማስወጣት የጉናን ተራራ በማንኪያ መናድ ይቀላል ይል ነበር የሰፈሩ ሰው። ስርጉት ግን ምራታቸው ናትና አብራ መሳቅ አልቻለችም። ቤቱ የተሠራው ከአለት ሥር ነው። አለቱ የጉናን ንፋስ ስለሚከልል አያ ሙላቴ በጎልማሳነታቸው እዚያ ጎጆ ወጡ። አሁን ግን አለቱ ወገቡ ላይ ተሰንጥቋል። ክረምቱ ሲወጣ ስንጥቁ ጣት ያስገባ ነበር፤ ታኅሣሥ ሲገባ ግን እጅ አስገባ።

«አባባ፣ እባክዎ ወደ ላይኛው ሰፈር እንውጣ» ስትላቸው ይቆጣሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ለእኔ ነው ድንጋይ የምታስተምሪ? ዕድሜ ልኬን ስፈልጥ የኖርኩ ሰው ነኝ! ይህ አለት እኔን ቀብሮ ነው የሚቀር!»

ስርጉት የፈራችውም እሱኑ ነው።

መቼም ስለ ድንጋይ ቢኮሩ አይፈረድባቸውም፤ በደብረ ታቦር ዙሪያ ስንቱ ቤት የቆመው እሳቸው በፈለጡት ድንጋይ ነው። ባሏ ባዩ ደግሞ ለአባቱ ቃል መመለስ አይሆንለትም። ታዲያ ማን ይናገር? እሷው!

አንድ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭቶ ሳለ መዶሻቸውን ከተሰቀለበት አውርዳ ሰጠቻቸው።

«አባባ፣ ከዛሬ ወዲያ አልጨቀጭቅዎትም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ይህን አለት ፍለጡት ቢባሉ ከየት ይጀምራሉ?»

አይ እሳቸው! እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምተው ቁጭ ማለት የት ያውቁና! ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ እያቃሰቱ ወጡ። አለቱን ከዳር መቱት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ።

«ሰማሽ? ነፍስ አለው!»

ወደ ስንጥቁ ጠጋ ብለው መቱት። የተሰነጠቀ እንስራ ሲያንኳኩት የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ። ደግመው መቱት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ስንጥቁ ሰደዱና ቢላ የመሰለ በረዶ ይዘው አወጡ።

«የክረምቱ ውሃ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሌሊት ይረጋል፤ ሲረጋ ያብጣል። ቀን ይቀልጥና ጠለቅ ብሎ ይገባል፤ ሌሊት ደግሞ ይረጋል። እኛ ደረቅ እንጨት ሰክተን ውሃ እያጠጣን ነበር የምንፈልጥ። እንጨቱ ሲያብጥ ድንጋዩ ይከፈታል። ውርጭ ግን ያለ እንጨት፣ ያለ መዶሻ… እይው እስቲ ስርጉት! አንድም ቦታ አልሳተም እኮ! እጅህ ይባረክ!»

ወይ ጉድ! ቤታቸውን ሊደፋባቸው የመጣውን ውርጭ መረቁት።

ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «አልቆለታል። አሁን የያዘው በረዶው ብቻ ነው» አሉና ቤታቸውን ቁልቁል ሲያዩ ቆዩ።

በማግስቱ ሰፈሩ በደቦ ወጥቶ ቤቱን አፈረሰ። ጎረቤታቸው ጌጡ ቀልድ አያልፈውምና «አያ ሙላቴ፣ አለቱ አይወድቅም አላሉም ነበር?» አላቸው።

«ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። በል አሁን ቆርቆሮውን ያዝ!»

ስርጉት «ተሳስቻለሁ» የሚል ቃል ከእሳቸው አፍ ሰምታ አታውቅም። ያን ዕለት ሽማግሌው በዓይኗ ከአለቱም ገዘፉ።

ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ጠዋት ፀሐይዋ ጠንከር ስትል አለቱ ወረደ። ከላይኛው ሰፈር ሆነው አዩት፤ ምድሩ ከእግራቸው ሥር ተንቀጠቀጠ። አቧራው ሲበተን ሁሉም ቁልቁል ሮጠ። ጥንድ በሬ የሚያክል ድንጋይ የአያ ሙላቴ መደብ ከነበረበት ቦታ ላይ ተቀምጧል።

አያ ሙላቴ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ።

«በዚህ ሰዓት» አሉ፣ «እኔ ገና ከመደቤ አልነሳም ነበር።»

ወደ ስርጉት ዞሩና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጎንበስ ብለው እጇን ሳሙት።

«ኧረ አባባ! ምን ነካዎት? በስመ አብ!» ብላ እጇን ልትነጥቃቸው ሞከረች። አልለቀቋትም።