ዲስኮቹ አልሞቱም

አጎቴ ለፎቶ ቤቱ አዲስ ኮምፒውተር ገዝቶ ዲስኮቹ የሚሰኩበትን የድሮውን ካርድ ከነዲስኮቹ አዛወረበት። አዲሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ግን ዲስክ የሚባል አላየሁም አለ። የሠርጓን ፎቶ ልትወስድ የመጣችው ሙሽራ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ባለዲግሪው ባለሙያ ሲስተሙን ሦስቴ ጭኖ፣ «ዲስኮቹ ሞተዋል» ብሎ ፈረደ።

«ወንድሜ፣ ከነነፍሳቸው አትቅበራቸው» አልኩት። «ካርዱ አሮጌ ነው፤ አዲሱ ሲስተም አያውቀውም። የድሮው ያውቀዋል።»

አክስቴ ቤት የአበባ ማሰሮ መሸከም የጀመረውን የድሮውን ኮምፒውተር አምጥቼ፣ ካርዱንና ዲስኮቹን መልሼ አስነሳሁት። የሙሽራዋ ፎቶዎች ከነሚዜዎቿ ስክሪኑ ላይ ተኮለኮሉ።

አጎቴ እፎይ ብሎ፣ በአገጩ እኔን እየጠቆመ ወደ ባለዲግሪው ዞረ። «እስቲ አንተም እየው፤ ይቺ ልጅ ያበላሸችው እንዳይኖር።»

ሙሽራዋ ተነስታ ኮምፒውተሩ ፊት ቆመች። «ፎቶዬ ፍላሽ ላይ ሳይገለበጥልኝ ከእሷ በቀር የሚጠጋው የለም» አለች።