የተዋጠና የተለጠፈ

አለቃችንን በሌለበት «ሊቁ» እንለዋለን። አክብረነው እንዳይመስላችሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበስኩት የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን እኔ ሆኜ ሳለ፣ በመጣ በሳምንቱ ሌንስ እንዴት እንደሚጠረግ አስተማረኝ። ለቀባሪው አረዱት!

የምናጠናው የሰውነታችንን ሬሳ አንሺዎች፣ ሟች ሕዋስ የሚውጡ በላተኛ ሕዋሶችን ነው። ሊሞት የተቃረበ ሕዋስ ከሊቁ ይልቅ ጨዋ ነው፤ ጊዜው መድረሱን ያውቃል። በሽፋኑ ውስጥ ደብቆት የኖረውን ስብ ኮቱን እንደሚገለብጥ ሰው ወደ ውጭ ያወጣና «ብሉኝ» ይላል። በላተኛው ሕዋስ ይጠጋል፣ ይዳስሳል፣ ምልክቱን ሲያገኝ ይውጠዋል። የሚውጠው ከጠፋ ሟቹ ፈንድቶ ጎረቤቶቹን ያቆስላል።

ሊቁ የበላተኞቹን የምግብ ፍላጎት የሚከፍት መድኃኒት አገኘሁ አለ። ከመቶ በላተኛ ዘጠና አንዱ ሟች ይዘው ታዩ። መያዝና መዋጥ ግን ለየቅል ናቸው። ላዩ ላይ የተለጠፈውን ለመለየት ሕዋሶቹ ያረፉበት የመስታወት ስላይድ በቀዝቃዛ የጨው ውሃ ደጋግሞ ይታጠባል፤ የተለጠፈው ይሄዳል፣ የተዋጠው ይቀራል። ሊቁ ለዚህ ጊዜ አልነበረውም።

«ዶክተር፣ ሳይታጠብ መቁጠርዎ ልክ አይደለም» አልኩት።

«ማጠብ እንዲህ ከወደድሽ ጠርሙስ እጠቢ!»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ደብዳቤ ደረሰኝ፦ «ስላይድ ያለአግባብ በማጠብ ሥራ ስለሚያጓትቱ ወደ ዕቃ ማጠቢያ ክፍል ተዛውረዋል።» የሃያ ሁለት ዓመት ዓይኔን ለጠርሙስ ቂጥ! አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። አይዞሽ ያለኝ ባልደረባ አልነበረም፤ ሁሉም ሊቁ ላይ ተለጥፈዋል።

በሦስተኛው ወር አንዲት ፀጉራቸው የነጣ ሴትዮ መጡ። መድኃኒቱ በሕሙማን ላይ እንዲሞከር የሚፈቅደው ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። የታጠቡ ብርጭቆዎች ይዤ ስገባ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰዋል።

«ይሄ ታጥቧል?»

«እንዴታ!» አለ ሊቁ።

«እስቲ አንዱ እፊቴ ይታጠብ።»

ሊቁ የቤተ ሙከራውን ልጆች አየ፣ ልጆቹ መሬት መሬት አዩ። አንዳቸውም አጥበው አያውቁማ! ብርጭቆዎቹን አስቀምጬ ጠጋ አልኩ። በቀዝቃዛው የጨው ውሃ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አጠብኩ። ሴትዮዋ ቀስ ብለው ቆጠሩ።

«ከመቶ ዘጠኝ» አሉ።

ያለ መድኃኒትም ያንኑ ያህል ይውጣሉ። የሊቁ ግኝት ሕዋሶቹን አጣበቃቸው እንጂ አላስዋጣቸውም። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይሄ ነው። ያንን ነው ለሕሙማን ሊሰጥ የነበረው።

ላብ በላብ ሆኖ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ይሄን እያወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ደብዳቤውን ሦስት ወር ሙሉ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ይዤው ዞሬያለሁ። እርጥብ ጓንቴን አውልቄ ደብዳቤውን ለሴትዮዋ ሰጠኋቸው። ከፍ ባለ ድምፅ እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ፊርማው የእርስዎ ነው?» አሉት።

እኔ መልሱን አልጠበቅኩም፤ ማይክሮስኮፔ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ «ተነሽልኝ እስቲ» አልኳት። ሊቁን ቀና ብላ እንኳ ሳታይ ተነሳች።