የጨረቃ ውኃና የደረሰ ጉድጓድ

ደረሰ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ዝም ቢል ኖሮ፣ ሰው ሁሉ ሰኞ ለደቦው ይወጣለት ነበር።

መንደራቸው ከቡሬ ወደ ሽንዲ ከሚወስደው መንገድ በላይ፣ ጉብታ ላይ ናት። ሚስቱ እታለም በነሐሴ ከገደሉ ምንጭ እንስራ አዝላ ስትወጣ ወድቃ ዳሌዋን ከተጎዳች ወዲህ፣ ውኃ የሚቀዳው ደረሰ ነበር። ጎረምሶቹ እንስራ አዝሎ ባዩት ቁጥር «እሜቴ ደረሰ፣ እንዴት አደርሽ?» ይሉታል። ይህ ሲመረው ነው ቦታ መርጦ፣ ጎረቤቶቹን ለምኖ፣ አሥራ ስምንት ክንድ የሚጠልቅ የውኃ ጉድጓድ ያስቆፈረው። ከዚያ ዓለት ገጠማቸው። ጠብታ የለም።

በሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ዋርካው ሥር ሲሰበሰብ ደረሰ ተነሥቶ ቆመ።

«ዓለቱን ሰኞ እንስበረው» አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «እታለም ጠላ ጠምቃለች። ሬዲዮው ያለውንም ሰምታችኋል፤ ጨረቃ ላይ ውኃ ተገኘ። ያ ደረቅ ነገር ካለው፣ የኛ መሬት እንዴት ያጣል?»

መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ቀና አሉ። «እንዴት አድርገው አገኙት አለ?»

ደረሰ መዋሸት አይችልበትም። «ሮኬት ወርውረው መቷት፣ መሪጌታ። የተነሣው አቧራ ውስጥ ውኃ አዩበት አሉ።»

«መቷት? እግዜር ለሌሊት ያበራትን መቷት?»

«እኔስ የጥቅምቱ በረዶ ከየት መጣ እላለሁ!» አሉ አስካለ ማርያም። «ዳጉሳዬን ድምጥማጡን ያጠፋው ለካ ይኼ ነው!»

«ውሸት ነው ባካችሁ» አለ ጎረቤቱ ዳኘው። «የቀበሌ ሰዎችስ ቧንቧው ሊመጣ ነው፣ ታገሡ ሲሉን ስንት ዓመት ሆነ? እኛ እዚህ ተጠምተን ፈረንጆቹ ሰው የሌለበት ቦታ ውኃ ይፈልጋሉ። ለማን ሊያጠጡ ነው? ይልቅ ደረሰ፣ እንስራህን አዝለህ ወደዚያው ውጣ!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ደረሰ ጆሮው ድረስ ጋለ።

መሪጌታ ግን አልሳቁም። «ሰማይ የመቱ ሰዎችን ወሬ ይዘህ የሚካኤልን ደጅ ታረክሳለህ? በዚህ ወሬ የሚቆፈር ጉድጓድ በረከት የለውም። ከብት ሳይገባበት ይደፈን።»

«መሪጌታ፣ እባክዎ፣ አንድ ቀን ብቻ...»

«ይደፈን!» አለ ሕዝቡ።

ሰኞ ጠዋት አካፋ ይዘው ሲመጡ ደረሰን ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ አገኙት።

«ውጣ!»

«አልወጣም። ከደፈናችሁ ከነነፍሴ ድፈኑኝ።»

ተያዩ። አንዱም አፈር ሊጥልበት አልደፈረም። ዳኘው ግን የወረደበትን ገመድ ስቦ ጠቀለለና ትከሻው ላይ ጣለው። «እንግዲያስ ጨረቃህ ታውጣህ!»

ሄዱ። በደረሰ ቤት በኩል አለፉና ለደቦው የተጠመቀውን ጠላ ጠጡ።

ፀሐይዋ ጉድጓዱ አፍ ላይ ስትደርስ የሚያነክስ እርምጃ ሰማ። እታለም ነበረች። መጫኛ ገመድ ወደ ታች ለቀቀችለት። ሊወጣበት ተነሥቶ ሲጨብጠው፣ ጫፉ ላይ የታሰረው ድጅኖ ነው።

«ጠላዬን ጨልጠው፣ ባልሽን ጨረቃ ታውጣው ብለውኝ ሄዱ» አለች ከላይ። «እኔ ደግሞ ከዛሬ ወዲያ ባሌ እንስራ አዝሎ ሲሳቅበት አላይም። ምታው። ውኃ ሳታገኝ አላወጣህም።»

«እታለም...»

«ምታው አልኩህ!»

ደረሰ ድጅኖውን ፈታና ዓለቱን መታ። ድምፁ ደረቅ ነበር። ደግሞ መታ።