ብረቱን በጣቱ የነካው

ታላቅየው ለወትሮውም ቱግ ባይ ነው፤ ገጣጥሞ ቀለም በሚቀባቸው ትንንሽ የብረት ታንኮች ሲመጡበትማ አይጣል ነው! ሕጉ አንድ ነው፦ ተሞርዶ በሳሙና የታጠበ ብረት በፒንሳ እንጂ በባዶ እጅ አይያዝም። የጣት ቅባት ካረፈበት፣ ከቀለም በፊት የሚቀባው ግራጫ ፕራይመር አይይዝም።

አንድ ቀን ጠዋት ሦስት ወር የለፋበት ታንክ ጎኑ ላይ ግራጫው ተልጦ አገኘው። ደሙ ፈላ። ታናሽ ወንድሙን በአንገትጌው ጎትቶ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ጋር አላተመው።

«አንተ ነህ የነካኸው!»

«ወንድም ጋሼ፣ እናታችን ትሙት አልነካሁም!»

«ጭራሽ ትምላለህ?» በጥፊ አጮለው። አፍንጫው ደም በደም ሆነ። ያም አልበቃውም፤ የልጁን ቀኝ እጅ ጠረጴዛው ላይ በታሰረው ብረት መያዣ፣ በሞርሳው መንጋጋ ውስጥ ከትቶ እጀታውን አዞረው። አንዴ አዞረ፣ ደገመ። በሦስተኛው አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ።

ጩኸቱን ሰምታ እናታቸው እየሮጠች ገባች። ታላቅየውን ገፍትራ ሞርሳውን ፈታች፤ የተሰበረውን እጅ በነጠላዋ ጠቀለለች። ከዚያ ታንኩን አንስታ ወደ መስኮቱ ያዘችው። የተላጠው ቦታ የአውራ ጣት ቅርጽ ነበረው፤ መሐሉን አንድ መስመር ሰንጥቆታል።

የታላቅየውን አውራ ጣት፣ በልጅነቱ መጋዝ የሰነጠቀውን፣ ይዛ እላዩ ላይ አሳረፈችው። ልክክ አለ።

የሞርሳውን እጀታ ጨበጠች።

«በል፣» አለችው፣ «አሁን ያንተን አስገባ።»