የቡሰይና እልልታ

ቡሰይና ልታለቅስ አፏን ስትከፍት የወጣው እልልታ ነበር።

ግቢው ውስጥ በለቅሶው ምንጣፍ ላይ የተኮለኮሉት ሴቶች የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ቀሩ። ባሏ ኡስታዝ ባቢክር ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ድምፁ ደግሞ የአሁኗ የቡሰይና አይደለም፤ ወጣት፣ ጥርት ያለ፣ ከሌላ ዓመት የመጣ። ከአጥሩ ውጭ የሆነ ሰው እልል ብሎ መለሰላት። ልጇ ኢጅላል ሮጣ ብትወጣ፣ የኦምዱርማን ከተማ ፀሐይ ያነደደው መንገድ ባዶውን ተኝቷል።

«ትናንትም እንዲሁ አደረጋት» አለች አክስት ሳዕዲያ በሹክሹክታ። «ወላሂ ጂን ነው!»

«ጂን ከሆነ ሰርግ ቤት አይሄድም? እዚህ ምን ይሠራል?» አለች ኢጅላል።

ነገ ምንጣፉ ይነሳል፤ ለቅሶውም ያበቃል። እናቷ እስከዚያ ካላለቀሰች ሰፈሩ አበደች ብሎ ሊጨርሳት ነው።

እልልታውን ግን ኢጅላል ታውቀዋለች። ስምንት ዓመቷ ሳለ ወንድሟ ሙዓዝ ከትምህርት ቤት ተመልምሎ ወደ ደቡቡ ጦርነት ዘመተ። የመለመለው የሰፈሩ የፓርቲ ጸሐፊ ነው፤ የገዛ አባቱ ባቢክር። መርዶው ሲመጣ የፓርቲው ሰዎች በግና ስኳር ጭነው ከች አሉ። «ሸሂድ ሰማዕት ነው፤ አይለቀስለትም፤ ዛሬ ሰርጉ ነው!» ቡሰይና ልትጮህ ስትል ባቢክር አፏን በመዳፉ ከደነና «እልል በይ» አላት። እልል አለች። ኢጅላልም ጨፈረች፤ ከረሜላ ነበረ እኮ።

በኋላ የፓርቲው አለቆች በሥልጣን ተጣሉና ለሁለት ተሰነጠቁ። የባቢክር ወገን «እነዚያ ልጆች ሸሂድ አይደሉም» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባቢክር የልጁን ስም ጠርቶ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ የፓርቲው ሰው፣ ኡስታዝ ተይፉር፣ ሊያጽናና መጣ። በሴቶቹ በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ ተይፉር» አለችው ኢጅላል፣ «ወንድሜ ሸሂድ ነው፣ አይደለም?»

«ልጄ፣ ያኔ... የፓርቲው አቋም...»

«ፓርቲውን መቼ ጠየቅኩህ! ሙዓዝ ሞቷል ወይስ አግብቷል?»

«ሞቷል» አለ ሰውየው።

የቡሰይና ምላስ ለእልልታ ተነሳ። ሳዕዲያ ጆሮዋን ያዘች። ኢጅላል እናቷ ፊት በርከክ አለችና፣ ለሐዘንተኛ እንደሚደረገው፣ ሁለት መዳፎቿን ለጸሎት ዘረጋች። ለሙዓዝ ማንም አድርጎት አያውቅም፤ ያኔ የመጣው ሁሉ «እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ ነው የጨበጣት።

«ፋቲሓ ለሙዓዝ» አለች።

የቡሰይና አፍ ተከፈተ። እልልታው አልመጣም። እጆቿን ከጭኗ ላይ ቀስ ብላ አነሳችና ከልጇ መዳፎች ጎን ዘረጋቻቸው።