ዝናሽ የተደገፈችው ቁምሳጥን

«ቁምሳጥኑም ይውጣ» አለች ሙላቷ፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች። «ከገዳሪፍ የሚመጣው ዘመድ የት ሊቀመጥ ነው? ዝናሽዬ፣ እስቲ ተነሺልኝ፤ ወንዶቹ ይያዙት።»

ዝናሽ አልተነሳችም። ጀርባዋን ለቁምሳጥኑ ሰጥታ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ነጠላዋን ወደ አገጯ ሳብ አደረገች።

«እሱ ይቅር» አለች።

«ምኑ ይቅር?»

«ቁምሳጥኑ ነዋ። አይነካ አልኩ!»

ንፍሮ የሚዘግኑት እጆች ሳይቀሩ ቆም አሉ። ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ያለችው የሟቹ የጀምበሬ ቤት አንድ ክፍልና አንድ ጠባብ ግቢ ናት፤ ከቀብሩ ወዲህ ሰው ጢም ብሎባታል። አልጋው ወጥቷል፣ ቴሌቪዥኑ ወጥቷል፣ ፍሪጁ እንኳ ጎረቤት ተሰዷል። ለቅሶ ቤት ነውና ሰው ምንጣፍ ላይ ይሰፍራል። ቁምሳጥኑ ብቻ እንደተተከለ ቀረ። ሚስቲቱ ደግሞ እንቅልፍ ሲያዳፋት እንኳ ከሱ አትርቅም። ሰው ይህን አይቶ ዝም ይላል? አይልም።

«ወርቅ ነው» አለ በር አጠገብ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ።

«የምን ወርቅ! የአምጃድ ታክሲ ሹፌር ወርቅ ከየት ያመጣል?» አለችው ጎኑ ያለችው።

ሙላቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ ማድረጓ ነው እንጂ ዝናሽ የምትሰማውን ያህል ትታዋለች። «የልጁ ነገር ነው» አለች። «ፎቶው ይሆናል፣ ልብሱ ይሆናል፤ እኔ ምን አውቃለሁ። እግዜር ያውቃል።»

ሙላቷ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ይህ ይታወቅላት። የእድሩን ብረት ድስት የምትሸከመው እሷ ናት፣ የታመመ የምታስታምመውም እሷ። አፏ ነው እንጂ። ጀምበሬና ዝናሽ ልጅ እንዳልወለዱ ሳጃና ሁሉ ያውቃል። አንድ ቀን ታዲያ ይህች ሙላቷ ገበያ ወርዳ፣ አሮጌ የልጆች ዕቃ ከምትሸጥ ናስራ ከምትባል ሱዳናዊት ዘንድ ጀምበሬን መጫወቻ ታቅፎ አየችው። ልጅ የሌለው ሰው መጫወቻ ምን ያደርግለታል? መልሱን ራሷ አገኘችው። ወሬው ከሳጃና ቡሪ፣ ከቡሪ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ መተማን ተሻግሮ አዘዞ፣ እናቱ ጆሮ ደረሰ። ጀምበሬ ከውጭ ወልዷል!

አሁን ጀምበሬ የለም። መሐጣው፣ ታክሲ ማቆሚያው ላይ፣ አምጃዱን አቁሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ መሪው ላይ ድፍት አለና ቀረ። ከኋላው ያሉት ሹፌሮች የተኛ መስሏቸው ክላክስ እያደረጉ አልፈውት ሄዱ።

የሟቹ ታላቅ ወንድም ሻምበል ከገዳሪፍ የደረሰው በማግስቱ ነው። ሰልፍ ስለነበር ኩብሪው፣ ድልድዩ፣ ተዘግቶ፣ ከአውቶቡስ ወርዶ በእግሩ ነው የመጣው። ከበሩ ጀምሮ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ደረቱን ሲደቃ ወንዶቹ ደግፈው አስገቡት። አለቀሰ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ከዚያ ሄዶ ዝናሽ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«እርስዎንም ያጽናዎት፣ ጋሼ።»

«ነገ ሠልስቱ ነው። እንደ አገራችን ደንብ ዕቃው ይወጣል፤ ልብሱም ያ የሚነዳበት ቁልፍም ተይዞ ይለቀስለታል። ፎቶውን ግን ልጁ ነው የሚይዘው።»

ዝናሽ መሬት መሬቱን አየች። «ልጅ የለም፣ ጋሼ።»

«እሺ። መጫወቻውስ?»

ዝናሽ ጀርባዋን ይበልጥ ወደ ቁምሳጥኑ አስጠጋች።

«መጫወቻው የማን ነው? ሰው በዓይኑ አይቷል እኮ! ስሚኝ፣ ልወቅስሽ አልመጣሁም። ባል ሲወልድባት የማያንገበግባት ሴት የለችም። ግን እናቴ እህል መቅመስ ትታለች። በደወለች ቁጥር የምትለኝ አንድ ነገር ነው፤ ‹ልጁን አምጡልኝ›። ነገ የልጅ ልጄ ይደውልልኛል ብላ ስልኳን ታቅፋ ነው የምታድረው።» ዓይኑ ከዝናሽ ትከሻ አልፎ ቁምሳጥኑ ላይ አረፈ። «ነገ ልጁ ያለበትን ካልነገርሽኝ፣ ያንን ነገር እኔ ራሴ እከፍተዋለሁ። በወንድሜ አጥንት!»

ቁምሳጥኑ ቁልፍ የለውም። ዝናሽ ናት ቁልፉ።

ነገሩ የተጀመረው ካፉሪ ሰፈር ነው። አንድ ባለቪላ ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ሲለቅ ጀምበሬ በአምጃዱ ሲያመላልስለት ዋለ። መጨረሻ ላይ «ይህን ጣልልን» ብለው አንድ ከረጢት ሰጡት። ሲከፍተው ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ጥፍር ጥፍር የሚያካክሉ የፕላስቲክ ጡቦች፤ እነዚያ ጠቅ ጠቅ እያሉ የሚገጣጠሙት፣ የልጆች ሌጎ። ሊጥለው ነበር። መሐጣ ላይ ቆሞ ሲሰለቸው ሁለቱን ገጠመ፣ ቀጥሎ ሦስተኛውን። በቃ፣ ያዘው።

ዝናሽ ግን መጀመሪያ የሰማችው የሙላቷን ወሬ ነው። ሰምታ አበደች።

«ስንት ዓመቱ ነው?» ብላ ያዘችው ከሥራ ሲገባ።

«ማን?»

«ልጅህ ነዋ!»

ጀምበሬ አንገቱን ደፍቶ ከአልጋው ሥር አንድ ሳጥን ጎተተ። በውስጡ የሰሊጥ ጠሂኒያ ጣሳ ተደርድሯል፤ ጡቡ ሁሉ በኦሞ ታጥቦ ቀዩ ለብቻ፣ ነጩ ለብቻ ተለይቷል። መሐል ላይ በግማሽ የቆመ ግድግዳ አለ።

«ይኸው ልጄ» አለ።

ሳቀች። ሳቀችና ደግሞ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ እሱ ሲሠራ እሷ አጠገቡ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ሁለት ጡብ ተጣብቀው እምቢ ሲሉት በጥርሱ ነው የሚያላቅቃቸው። «ጥርስህ ይረግፋል፣ አንተ ሰውዬ!» ትለዋለች። «ሕፃን ነህ እንዴ?» እሱ ጡቡን ከአፉ ሳያወጣ ይስቃል።

ለሙላቷ እውነቱን ልንገራት ያለችው ቀን ግን ፊቱ ተለወጠ። «እንዳታደርጊው! ሽበታም ወንድ ቁጭ ብሎ መጫወቻ ይጫወታል ልትያቸው ነው? ከዚያ ወዲያ መሐጣ ላይ እንዴት እቆማለሁ? ተያቸው፣ ልጅ አለው ይበሉ። ይሻላል።»

«ለማን ነው የሚሻለው? አንተ ወላድ ተባልክ። እኔስ? መካኗ፣ ባሏ የወለደባት!»

ጀምበሬ «አደራሽን፣ ዝኑ» ብቻ አለ።

ያ አደራ ነው እንግዲህ አሁን ደረቷ ላይ የተቀመጠው። ታለቅስለታለች፣ ትናደድበታለች፣ ሁለቱም እኩል ያቃጥሏታል። ወንዶቹ አልጋውን ሊያወጡ ሲመጡ፣ ገና ከቀብር መመለሷ ነበር፣ ሳጥኑን በገዛ እጇ ከሥር ጎትታ ያቺን የተሠራች ነገር ቁምሳጥን ውስጥ ሸሚዞቹ ላይ አሳረፈቻት። እንባዋን የጠረገችው በሩን ከዘጋች በኋላ ነው።

የሠልስቱ ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱም ግቢውም ሞላ። የጀምበሬ ጃኬት ወጣ፣ የፀሐይ መነጽሩ ወጣ። ሻምበል የአምጃዱን ቁልፍ ከፍ አድርጎ እያንቃጨለ «ማን ይነዳሃል? ማን ይንዳህ?» ሲል ሴቶቹ ተቀበሉት። ፎቶው ብቻ ያዥ አጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሰው ሁሉ ፎቶውን ያያል፣ በሩን ያያል፣ ዝናሽን ያያል። ሻምበል እያለቀሰ እንኳ አንድ ዓይኑ ቁምሳጥኑ ላይ ነው።

ለቅሶው በረድ ሲል አንዲት ቶብ የለበሱ ሱዳናዊት አሮጊት በሩ ላይ ቆሙ። እጃቸው ላይ የላስቲክ ከረጢት ተንጠልጥሏል።

«አልባረካ ፊኩም» አሉ፣ ለለቅሶተኛ እንደሚባለው።

ሙላቷ የሻምበልን ክርን ጎሸመች። «ያቻትና! ናስራ ማለት እሷ ናት!»

ሻምበል ቁልፉን ጣል አድርጎ ተነሳ። በገዳሪፍ ዓረብኛው ጠየቀ። «ወይን አልወለድ? ልጁ የታለ?»

«ወለድ ሚኑ?» አሉ አሮጊቷ ግራ ተጋብተው። «የማን ልጅ?»

«የጀምበሬ! ይህ የያዙት ለማን ነው ታዲያ?»

«ለጀምበሬ ያስቀመጥኩለት ነው። ቡናማውን ፈልጊልኝ እያለ ሲመላለስ ከረመ። ይኸው ሲገኝ እሱ የለም። ባዶ እጄን ከምመጣ ብዬ...»

ሻምበል ሳያስጨርሳቸው ከረጢቱን ቀማ። ሲጎትተው ላስቲኩ ተቀደደና ጡቡ ምንጣፉ ላይ እየተንሿሿ ፈሰሰ። ቤቱ በአንድ ድምፅ «ውይ!» አለ።

«ይኸው!» ሻምበል ጡቦቹን በእፍኙ ዘገነ። «ይኸው የልጁ መጫወቻ! አለ ማለት ነው! ወንድሜ ዘር አለው!» ብሎ ተንበርክኮ ማልቀስ ጀመረ። የዚህኛው ለቅሶ ከበፊቱ ይለያል፤ ደስታ ነበረበት። «እናቴ ትነሳለች» አለ። «እናቴ እህል ትቀምሳለች።»

ናስራ ዝናሽን አዩዋት። ዝናሽ ዝም ካለች ዝም ሊሉ ነው፤ ፊታቸው ላይ ይታያል።

ዝምታማ እንዴት ቀላል ነበር! ሻምበል በደስታው ይሄዳል፣ አሮጊት እናቱ ትበላለች፣ ጀምበሬ ወላድ እንደተባለ ይኖራል። እሱም የፈለገው ይህንኑ ነው። ግን የሌለ ልጅ እስከ መቼ ይፈለጋል? ነገ ደግሞ ይህ ሰውዬ ካርቱምን በየቤቱ እያንኳኳ ሊዞር ነው። እናትየው ደግሞ ስልኳን ታቅፋ ልትጠብቅ። ዝናሽ ጉልበቷን ተደግፋ ተነሳች።

«ልጅ የለም» አለች። «የጀምበሬ ነው። የሚጫወተው ራሱ ነበር።»

ከግቢው አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ሙላቷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሻምበል ቀስ ብሎ ቀና አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን አልሽ?»

«ደብቂልኝ ብሎኝ ነበር። ይቅር ይበለኝ።» ቁምሳጥኑን ከፈተች። ሁለት እጇን አስገብታ ያቺን ነገር አወጣች። ቤት ናት፤ ነጭ ግድግዳ፣ ግራጫ ጣሪያ፣ በሁለት ክንድ የምትታቀፍ። ጃኬቱና መነጽሩ አጠገብ አስቀመጠቻት። «ዕቃው ይውጣ አላላችሁም? ዕቃው ይኸው።»

«በሠልስቱ ታዋርጂዋለሽ?» ሻምበል ጮኸ። «ወንድሜን፣ ያን የሚያህል ወንድ፣ በሰው ፊት ሕፃን ታደርጊዋለሽ?» ቤቷን ከመሬት ላፍ አደረጋት። ወንዶቹ «ኧረ ተው! ኧረ በለቅሶ ቤት!» ብለው ሲነሱ ወደ ላይ አንስቷት ነበር፤ ሊፈጠፍጣት ነው። ጣሪያው ተላቆ በአንድ እጁ ቀረ።

ሻምበል ወደ ውስጥ አየ።

እጁ ቀስ እያለ ወረደ።

«ባልዲው» አለ።

በአንዱ ጥግ አንዲት ቀይ ጡብ ብቻዋን ቆማለች። አዘዞ ባለው የእናታቸው ቤት ቆርቆሮው የሚያፈሰው በዚያ ጥግ ነበር፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ቀይ ባልዲ ይቀመጥለታል። ግድግዳው ሥር መደብ አለች፤ መደቧ ላይ አንድ ሰማያዊና አንድ ቢጫ ተጠጋግተው ተኝተዋል።

«ሰማያዊው እኔ ነኝ» አለ ሻምበል። «ሰማያዊ ሹራብ ነበረችኝ። ይሄ ቢጫው...» ቃሉ አላለቀም። ቤቷን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ተቀመጠ። ከዚያ በእንባው መሐል ተቆጣ። «ደግሞ በሩ በዚህ በኩል አልነበረም! መቼም ነገር አያስተውልም፣ መቼም!»

ሙላቷ ቀድማ ስቅስቅ አለች። አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ተከተለ፤ ያ ግቢ ውስጥ የሳቀው እንኳ ድምፁ ጠፋ።

የሻምበል ስልክ ጮኸ። ማን እንደሆነች ሳያይ ያውቃል። ቤቷን ከደረቱ ሳያላቅቅ አነሳው።

«ሻምበሌ፣ ልጁ መጣ?» አለች እናቱ። ቤቱ ጸጥ ስላለ ሁሉም ሰማት።

«ልጅ የለም፣ እማዬ።»

ሻምበል መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ስልኩን አየው፤ አልተቋረጠም።

«መጫወቻውስ?»

«የራሱ ነው። ቤታችንን ሠርቶበታል።»

«የቱን ቤታችንን?»

«የአዘዞውን። ያ ቀይ ባልዲ እንኳ አልቀረም።»

እናትየው ስትተነፍስ ተሰማ። «መደቡንም?»

«መደቡንም። ተኝተናል።»

«በረቱንስ?» አለች፣ ድምጿ እንደ ልጅ ቀጭን ሆኖ። «የላሚቱን በረት ሠርቶታል? ማታ ማታ እዚያ አልነበር የሚጫወተው?»

ሻምበል ቤቷን አዙሮ በጓሮዋ በኩል አየ። ምንም የለም። የለም ሊላት አፉን ከፈተና አቃተው። ዝናሽን አያት።

ዝናሽ ምንጣፉ ላይ የፈሰሰውን እያየች ነበር። ቡናማውን ፈልጊልኝ ሲል ነበር ጀምበሬ። የእንጨት በረት ነው። ለዚህ ነበር የሚመላለሰው።

ተንበረከከችና ቡናማ ቡናማዎቹን መልቀም ጀመረች። ናስራም ቶባቸውን ሰብሰብ አድርገው አጠገቧ ቁጭ አሉ።

«እየተሠራ ነው፣ እማዬ» አለ ሻምበል።

ሁለት ቡናማ ጡቦች ተጣብቀው ለዝናሽ እምቢ አሏት። በጥፍሯ ሞከረች። ደግማ ሞከረች። ከዚያ ለቅሶተኛው ሁሉ እያያት ወደ አፏ ወሰደቻቸውና በጥርሷ አላቀቀቻቸው።